ሙሉ ፎቅ የሚከራይ ሲጠፋ፦ የአንድ ካዛንቺስ ሕንጻ ጉዳይ

ሥራዬ የሕንጻ ኪራይ ማስተዳደር ነው። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ በመሀል አዲስ አበባ ሕንጻ ያላቸው ሰዎች የሚነግሩኝ ነገር አንድ ሆኗል፤ "ተከራይ ጠፋ" ይላሉ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የስፌት ማሽኖቹን ዘመድ ቤት ያስቀመጠ ሰው ይደውልና "ቦታ አጣሁ፣ የምትለኝ ነገር የለም?" ይለኛል። ሁለቱም አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው። አንዱ ባዶ ፎቅ ታቅፎ ተቀምጧል፣ ሌላው ቦታ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። ለምን እንደማይገናኙ በደንብ ያሳየኝ አንድ ሕንጻ ስላለ ታሪኩን በዝርዝር ልጻፈው። የባለቤቱንም የተከራዮቹንም ስም አልጠቅስም።

ሕንጻውና የቀድሞ ተከራዮቹ

ሕንጻው ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው አካባቢ ነው። ሁለት ቤዝመንት፣ ግራውንድ፣ ከዚያ በላይ ዘጠኝ ፎቅ አለው። አንዱ ፎቅ ወደ 400 ካሬ ይሆናል። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው፤ ተከራዩም ሠራተኛውም ጋሼ ነው የሚላቸው። ሂሳቡንና ውሉን የምትይዘው ትልቋ ልጃቸው ናት።

ለብዙ ዓመታት ሕንጻው ሁለት ትልልቅ ተከራዮች ብቻ ይበቁት ነበር። አንድ የግል ባንክ ግራውንዱን ለቅርንጫፍ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ ያለውን ደግሞ ለዋና መሥሪያ ቤት ክፍሎቹ ይዞ ነበር። አንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ስድስተኛ፣ ሰባተኛና ስምንተኛን ይዟል። አምስተኛው ላይ አንድ አማካሪ ድርጅት፣ ዘጠነኛው ላይ የጋሼ የራሳቸው ቢሮና አዳራሽ። አበቃ። ኪራይ መሰብሰብ ማለት በዓመት ጥቂት ቼክ መቀበል ነበር።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ያኔ የግል ባንኮች በየመንገዱ ዳር ግራውንድ ፎቅ ለመያዝ ይሻሙ ነበር። ካዛንቺስ ደግሞ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ጎረቤት ስለሆነ የእርዳታ ድርጅቶች ይወዱታል። ስለዚህ ብዙ የመሀል ከተማ ሕንጻ ሲሠራ በአእምሮ የታሰበው ተከራይ አንድ ነው፤ ሙሉ ፎቅ የሚወስድ፣ የራሱን ፓርቲሽን የሚሠራ፣ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ ቀድሞ የሚከፍል ድርጅት። መብራቱም፣ ሊፍቱም፣ መጸዳጃ ቤቱም ለእሱ ተብሎ የተሠራ ነው።

እንዴት ባዶ ቀረ

መጀመሪያ የሄደው ባንኩ ነው። ባንኮቹ ሁሉ የራሳቸውን ማማ መሥራት ጀምረው ነበር። ንግድ ባንክ ከ200 ሜትር በላይ የሆነውን ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2014 ዓ.ም. አስመረቀ፤ ንብ፣ ኅብረትና ዘመንም እዚያው ሰንጋተራ አካባቢ ተኮልኩለዋል። አንድ ባንክ ወደ ራሱ ሕንጻ ሲገባ በየሰፈሩ ተበታትነው የነበሩ ክፍሎቹን ይሰበስባል፣ ከኋላው ደግሞ ባዶ ፎቆች ይተዋል። የእኛም ባንክ እንደዚሁ አደረገ። ግራውንዱን ለቅርንጫፍ አስቀርቶ አራቱን ፎቅ ለቀቀ። ጋሼ ብዙ አልደነገጡም፤ "ሌላ ባንክ ይመጣል" አሉ። ሌላውም ባንክ ግን ሕንጻ እየሠራ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለጊዜው መልካም ዜና ይመስል ነበር። የእርዳታ ድርጅቱ ኪራይ በዶላር ተሰልቶ በብር የሚከፈል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ሲታይ ኪራዩ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ገቢ ተማምነው የአራቱን ባዶ ፎቅ ጉዳይ ወደ ጎን ተዉት።

ከዚያ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ፤ ከዚያ በኋላም አብዛኛው እንደተቋረጠ ቀረ፣ የእኛ የእርዳታ ድርጅትም የገንዘብ ምንጩ ደረቀ። ድርጅቱ ውሉ ላይ "የገንዘብ ምንጭ ከተቋረጠ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል" የሚል አንቀጽ ነበረው። ሲፈርሙ ማንም ልብ ያላለው አንቀጽ ነው። ተጠቀሙበት። ሦስት ፎቅ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። አምስተኛው ላይ የነበረው አማካሪም ደንበኛው የእርዳታ ድርጅት ስለነበር ተከትሎ ወጣ።

ከዘጠኙ ፎቅ ስምንቱ ባዶ ሆነ። ሊፍቱ ግን ይጠገናል፣ ጥበቃና ጽዳት ይከፈላል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ናፍጣው ደግሞ በሊትር ወደ 100 ብር ተጠግቶ ነበር።

ዋጋ ቀንሰው አዩት

ልጅትየዋ ዋጋ እንቀንስ አለች። ጋሼ አልወደዱትም፤ ምክንያታቸው ግን ሞኝነት አልነበረም። ላይኛው ፎቅ ሲቀንስ ግራውንድ ያለው ባንክ ይሰማል፣ ውል ሲያድስ "ለእኔም" ይላል። ብቻ ተስማምተው ቀነሱ። ለደላሎች ተነገረ። ማንም አልመጣም። እንደገና ቀነሱ፤ አሁንም ዝም።

እኔን የጠሩኝ እዚህ ላይ ነው። የቀነሱት ዋጋ ለማን እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ያው ነበር፦ ሙሉ ፎቅ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ፣ "ደረጃውን የጠበቀ ድርጅት"። እንዲህ ያለው ተከራይ ደግሞ ዋጋ ስለተወደደበት ሳይሆን ቦታ ስለማያስፈልገው ነው የቀረው። በነፃ ብትሰጠውም አይመጣም። በእኔ ግምት የቀነሱት ብር ማንንም አላመጣም።

በሩ ላይ ያለው መረጃ

ገበያውን ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው በር ላይ ያለው ጥበቃ ነበር። ሰው አይጠይቅም እንዴ ብዬ ሳዋራው ሳቀ።

"ኧረ ጌታዬ፣ በየቀኑ ይጠይቃሉ እንጂ። ሙሉ ፎቅ ነው ስላቸው ይሄዳሉ።"

"ምን ዓይነት ሰዎች?"

"ስፌት ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡ ልጆች… እነዚህ ሁሉ የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው፣ ፈርሶባቸው።"

ደላሎቹም እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል። ወደ እኛ ያላመጧቸው ትንሽ ክፍል ትንሽ ኮሚሽን ስለሆነ ነው፤ ባለቤቱም እንደማይፈልጋቸው ስለሚያውቁ።

ለጥበቃዎቹ ደብተር ገዛንላቸው። የጠየቀውን ሰው ሁሉ ይመዝግቡ፤ ምን ሥራ ነው፣ ስንት ካሬ፣ ከየት ተነሳ፣ ማሽን አለው ወይ፣ ዕቃ በምን ያስገባል፣ ስልክ ቁጥር። ለጠያቂውም "ቦታው ሲዘጋጅ እንደውላለን" እንዲሉት ነገርናቸው። ለእያንዳንዱ የተሟላ መስመር ትንሽ ጉርሻ ተመደበ። ያለ እሱ ደብተሩ በሳምንት ውስጥ ይረሳ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለት ወር ገደማ የተጻፈውን ቁጭ ብለን አነበብነው። ሙሉ ፎቅ የጠየቀ እዚህ ግባ የሚባል የለም። አብዛኛው የጠየቀው ከ20 እስከ 80 ካሬ ነው። ትልቁ ክፍል ቀላል ማምረቻ ነው፤ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ባነርና ስቲከር ማተሚያ፣ ቲሸርት ላይ የሚያትሙ፣ የቆዳ ቦርሳ የሚሠሩ። ብዙዎቹ በ2017 መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ ከየጓሮውና ከየቆርቆሮ ቤቱ የተነሱ፣ ጥቂቶቹም ከዚያ በፊት ከፒያሳ የወጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱ ሱቅ አይፈልጉም፣ ዕቃ የሚያስቀምጡበትና ሞተረኛ መጥቶ የሚወስድበት ክፍል ነው የሚፈልጉት። ከዚያ ትንንሽ ቢሮዎች፦ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ጠበቃ፣ የጉዞ ወኪል፣ አምስት ስድስት ሆነው ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች። ጥርስ ሐኪምና ላቦራቶሪም ጠይቀዋል።

ጋሼ ደብተሩን አገላብጠው "ታዲያ እነዚህ ዳር ከተማ አይሄዱም?" አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ለጠያቂዎቹ አቅርቤዋለሁ። ቦሌ ለሚ ያሉት ሼዶች በሺዎች ካሬ የሚቆጠሩ፣ ለውጭ ገበያ ለሚያመርት ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። አሥራ ሁለት ማሽን ያላት ሴት እዚያ ምን ትሠራለች? ገላንና አቃቂ ላይ ርካሽ ቦታ አለ፤ ነገር ግን ጨርቁ ከመርካቶ ነው የሚመጣው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የሠርግ ልብስ የሚያሰፋው ደንበኛ መሀል ከተማ ነው ያለው፣ ሠራተኞቿ ደግሞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጡ ስታዲየም ደርሰው ባቡር ወይም አውቶቡስ ማግኘት አለባቸው። አንዷ ባለሙያ እንዲህ አለችኝ፦ "ወንድሜ፣ ኪራይ ቢቀንስልኝ ልጆቼ ለትራንስፖርት ይጨርሱታል፤ ሁለቱ ጥሩዎቹ ደግሞ ይሄዱብኛል።"

ማን የት ፎቅ ይግባ

ፓርቲሽን ከመሥራታችን በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ አስመጣን። ብዙ አከራይ ይህን ይዘለዋል፣ ለዚህም ነው እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

የቢሮ ፎቅ ዲዛይን ሲደረግ በአንድ ካሬ ላይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ የሚደርስ ጭነት ነው የሚታሰበው። ለዕቃ ማከማቻ የሚታሰበው 750 ኪሎ ገደማ ነው። አሁን ወረቀት እንውሰድ። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የወረቀት ክምር በካሬ ወደ 800 ኪሎ ይመዝናል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ደግሞ ክምሩን ግድግዳ ሥር እስከ ደረቱ ይቆልላል። ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ሲደረግ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አይሆን ይሆናል፤ ሴራሚኩ ሲሰነጠቅ ወይም የታችኛው ፎቅ ጣሪያ መስመር ሲያወጣ ነው የሚነቃው። የጨርቅ ጥቅልም ቀላል አይደለም። ስለዚህ መሐንዲሱ በጽሑፍ ያስቀመጠው ደንብ ይህ ነው፦ ወረቀትና ጥቅል ዕቃ የሚያከማች ሁሉ ቤዝመንት፤ ማተሚያ አንደኛ ፎቅ ከዕለት ፍጆታ በላይ ወረቀት ሳያስቀምጥ፤ ስፌት ሁለተኛና ሦስተኛ፤ የኦንላይን ሻጮች አራተኛ፣ ልብስና ኮስሞቲክስ ብቻ፣ መደርደሪያቸው ከትከሻ ሳያልፍ፤ ቢሮዎች ከአምስተኛ በላይ። የሥራ ቦታውን ከቢሮ ወደ ማምረቻ ለመቀየር የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድም ተጠየቀ፤ የመሐንዲሱ ወረቀት እዚያም ጠቀመ።

መብራቱ

ከሁሉ የከበደው መብራት ነው። ለሕንጻው ያለው ትራንስፎርመር 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። ለኮምፒውተርና ለአምፖል ይተርፋል። ወደ ፎቆቹ የሚወጣው ገመድና የየፎቁ ፓኔል ግን ለቢሮ ተለክቶ የተዘረጋ ነው።

ስለ ስፌት ቤት ሰው የሚፈራው ማሽኑን ነው። 20 የፋብሪካ ሲንጀር እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎዋት ገደማ ቢወስድ 10 ኪሎዋት ነው፣ ያውም ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲሰፉ። ሰርቮ ሞተር ያለው ማሽን ደግሞ የሚበላው ሲሰፋ ብቻ ነው፤ የድሮው ሞተር እግር ተነሥቶም ይዞራል። የሚያስቸግረው ካውያው ነው። ቦይለር ያለው የእንፋሎት ካውያ ብቻውን ከአሥር በላይ ማሽን የሚወስደውን ይወስዳል። ሁለት ስፌት ቤት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኩል ቦይለር ሲያበሩ ብሬከሩ ይዘላል፣ ሂሳብ ሠራተኛው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ያላስቀመጠው ሥራ ይጠፋበታል።

የተደረገው ይህ ነው። ለአንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ አዲስ የሦስት ፌዝ ገመድ ለብቻ ተዘረጋ። ለእያንዳንዱ ክፍል ንዑስ ቆጣሪ ገባ። ውሉ ላይ የካሬው ቁጥር ከተጻፈበት አጠገብ የተፈቀደው ኪሎዋት ተጻፈ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ተጨማሪ ይከፍላል ወይም ይከለከላል። ትራንስፎርመሩን ለማሳደግ ማመልከቻ ገባ፤ እሱ ብዙ ወራት ስለፈጀ እስከዚያ ድረስ ቦይለሮቹ በፈረቃ ይበሩ ነበር። ተማረሩ፣ ግን ሠሩ።

ንዑስ ቆጣሪው ላይ ጋሼ ተከራክረውኝ ነበር፤ ወጪው በዛባቸው። ድሮ የመብራት ሂሳብ በካሬ ነበር የሚካፈለው። ታሪፉ ግን ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። በካሬ ብናካፍል ጠበቃው የቦይለሩን ይከፍላል፣ በየሩብ ዓመቱም ጠብ ይሆናል።

ክፍፍሉ፣ ዋጋውና ውሉ

400 ካሬ ሲከፋፈል 400 ካሬ ሆኖ አይቀርም። ኮሪደር ይወጣል፣ መጸዳጃ ቤት ይጨመራል፣ ለእሳት መውጫ የሚሆን መተላለፊያ ክፍት ይቀራል። የሚከራየው ወደ 300 ካሬ ወረደ። ስለዚህ በካሬ አንድ ሦስተኛ ካልጨመርክ የሙሉ ፎቁን ኪራይ አታገኝም። እኛ ያገኘነው አንድ አራተኛ ጭማሪ ብቻ ነው። ስሌቱን ለጋሼ ወረቀት ላይ አሳየኋቸው፦ አንድ ፎቅ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ከቀድሞው ኪራይ 6 በመቶ ያህል ያንሳል፣ በዚያ ላይ የፓርቲሽኑና የገመዱ ወጪ አለ፣ ኪራይ የሚሰበስብ ሰው መቅጠር አለ። ጥቂት ዝም አሉና "ባዶውስ ስንት ያስገባል?" ብለው ፈረሙ።

ዋጋ አነጋገር ላይም አንድ ነገር ተለወጠ። ለትልቅ ድርጅት "በካሬ ይህን ያህል ሲደመር ቫት" ይባላል፣ እሱም አይደነግጥም። ለቫት ያልተመዘገበ ትንሽ ነጋዴ ግን 15 በመቶውን ከማንም አይመልሰውም፤ ለእሱ ያው ኪራይ ነው። ሊፈርም ሲመጣ ነው የሚያውቀው፣ እንደተታለለም ይሰማዋል። ስለዚህ ቫቱም፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቱም ተካቶ ለክፍሉ በወር አንድ ቁጥር ብቻ ይነገረው ተባለ። በካሬ መጠየቁን ተዉት።

ቅድሚያ ክፍያው ከስድስት ወር ወደ ሦስት ወር ወረደ፣ አንድ ወር መያዣ ተጨመረ። በዶላር ማስላት ቀረ። ውሉ የሁለት ዓመት ሆኖ የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ ከመጀመሪያው በቁጥር ተጻፈ። እዚህ ላይ አንድ ግራ መጋባት ነበር። ተከራዮቹ "መንግሥት ኪራይ መጨመር ከልክሏል እኮ" እያሉ ይመጡ ነበር፤ ጋሼም አዋጁን ፈርተው ውል ማስረዘም አልፈለጉም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤት ኪራይን ነው። ቢሮና ማምረቻ አይነካውም። ሁለቱም ወገን ይህን ሲያውቅ ድርድሩ ቀለለ፤ ጭማሪው ተነጋግረው የሚወስኑት ነገር መሆኑ ገባቸው።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥርና የራሱ ውል አገኘ፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ ተመዘገበ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከፈረሰበት ለተነሳ ሰው ግን ንግድ ፈቃዱ ላይ አድራሻ መቀየር ካልቻለ ቦታ ማግኘቱ ብቻ ምንም አይፈይድለትም።

የኋላው በር

የኮሪደር ሥራው ከሕንጻው ፊት ያለውን መንገድ በሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ቀይሮታል። ያምራል፤ ግን ዕቃ የጫነ መኪና ፊት ለፊት መቆም አይችልም። ከባድ መኪናም ቀን መሀል ከተማ አይገባም። ለዓመታት ተቆልፎ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት የኋላ በር ተከፈተ፣ ወደ ቤዝመንቱ የሚወርደው ተዳፋት ተጠረገ። ዳማስና አይሱዙ ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓትና ማታ ከአሥራ ሁለት በኋላ እዚያ ያራግፋሉ። ከሁለቱ ሊፍት አንዱ ለዕቃ ተለይቶ ውስጡ በጣውላ ተለበጠ። ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹ ይህ ነበር፤ ተከራዮቹ ለጓደኞቻቸው ሲያወሩ ግን መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው።

ያልሆኑልን

አምስተኛውን ፎቅ ለጋራ ቢሮ ሞከርነው፤ ጠረጴዛ በወር የሚከራይበት ማለት ነው። አልሠራም። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ልጆቹ ካፌ ይሄዳሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጡት ሰዎች የፈለጉት ለንግድ ፈቃድ የሚሆን አድራሻ ነበር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ላለ ጠረጴዛ ደግሞ የተለየ ውል መስጠት አልተቻለም። ፎቁ በመጨረሻ እንደ ሌሎቹ በትንንሽ ቢሮ ተከፋፈለ።

የጥርስ ሐኪሙና የላቦራቶሪው ነገርም ከሸፈ። ሊፍታችን ቃሬዛ አያስገባም፤ ፍሳሽ የሚወስድ ቧንቧም በየክፍሉ የለም። እንደዚህ ያለ ተከራይ ከገባ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ጋሼም በጣም ፈልገውት ነበር፤ ግን ቧንቧ ለመቅበር የኮንክሪት ወለሉን መብሳት ስለሚያስፈልግ ተዉት።

ቤዝመንቱን የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ለመክፈት የጠየቁ ነበሩ። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ሥራ በጣም ተፈላጊ ነው፤ ያቀረቡት ዋጋም ከማንም ይበልጣል። እምቢ አልናቸው። የሊትየም ባትሪ እሳት ክፍት ቦታ ላይ እንኳ ለማጥፋት ያስቸግራል፣ መርዛማ ጭስም ያወጣል። ዘጠኝ ፎቅ ሰው ተሸክሞ ይህን ሥር ማስቀመጥ አያስኬድም። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ ትንሽ አመንትተዋል፤ ልጃቸው ግን ሳትውል ሳታድር ለሰዎቹ ደውላ "ይቅርታ፣ አይሆንም" አለች።

ጥልፍ ቤቱን ሦስተኛ ፎቅ ማስገባታችን ደግሞ ጎረቤት አስለቀሰ። ባለ ብዙ ራስ የጥልፍ ማሽን ሲሮጥ ወለሉ ይርገበገባል፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ሻጮች መደርደሪያቸው ሲንቀጠቀጥ አገኙት። ከጎማ የተሠራ መቀመጫ ሥሩ አደረግን፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ወደ ቤዝመንት ወረደ። ሁለት ተከራዮች ደግሞ የሁለት ወር ኪራይ ሳይከፍሉ ማታ ጠፍተዋል፤ የአንድ ወር መያዣው ግማሹን ነው የሸፈነው።

ሌላ ሕንጻ ላይ የሚሠራው

ይህን ጉዳይ ሰምተው "እኔም ልከፋፍል" የሚሉ አከራዮች አሉ። ሁሉም ቦታ አይሠራም። እዚህ የተሠራው የካዛንቺስ መፍረስ ባመጣው የፈላጊ ብዛት፣ በኋላ በሩና በቤዝመንቱ ነው። ኋላ በር የሌለው፣ ቤዝመንቱ ሙሉ በመኪና የተያዘ ሕንጻ ማምረቻ ባያስገባ ይሻለዋል፤ ለትንንሽ ቢሮ ብቻ ይከፋፈል።

የትም የሚሠራው ደብተሩ ነው። ዋጋ ከመቀነስ በፊት በሩ ላይ የተመለሰውን ሰው መቁጠር። ከደላላ የምትሰማው የራሱን ኮሚሽን የሚያስገባውን ጥያቄ ነው፤ የተባረረው ሰው የት እንደሄደ አይነግርህም። ሁለተኛው የኪሎዋት ነገር ነው፦ ውል ላይ ካሬ ብቻ የሚጽፍ አከራይ ማሽን ያለው ተከራይ ሲገባበት ምን እንዳከራየ አያውቀውም። የወለል ጭነቱንም መሐንዲስ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ወረቀትና ጥቅል ዕቃ ወደ ላይ ባይወጣ ጥሩ ነው፣ ተከራዩ "ቀላል ዕቃ ነው" ቢልም።

በአንድ ድርጅት ላይ ሦስት አራት ፎቅ መጣል ደግሞ ምቾቱ እስኪሄድ ድረስ ነው። ትልቅ ተከራይ ሲመጣ አትቀበለው አልልም። ቀድሞ የመልቀቂያ አንቀጹን አንብብ፣ ፎቆቹም በአንድ ቀን እንዳይለቀቁ የውላቸውን ማብቂያ አለያይ።

አሁን

ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ፎቅ ተይዟል። ሰባተኛው እየተከፋፈለ ነው። ትራንስፎርመሩ ተቀይሮ ቦይለሮቹ ከፈረቃ ወጥተዋል። ግራውንድ ያለው ባንክ ውሉን ሲያድስ እንደተፈራው "ቀንሱልኝ" አለ፤ ልጅትየዋ የላይኞቹን ውሎች አውጥታ በካሬ የሚከፍሉትን አሳየችው፣ እሱም ባለበት ፈረመ። ስምንተኛው ፎቅ ግን ሙሉውን ባዶ ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ወጥቷል፣ አንዱ ቢሮ ፈልጎ ይመጣል ብለው ጋሼ አላስነካም ብለዋል። ለአንድ ዓመት እንጠብቅ፣ ካልመጣ እንከፋፍለው ተባብለን ቀኑን በቃለ ጉባኤ አስፍረናል፤ ልጃቸው ለዚያ ፎቅ የሚሆነውን የሦስት ፌዝ ገመድ ግን ከአሁኑ አዘርግታለች።